የሕፃናቱ ችሎት፦ ያኑሽ ኮርቻክና የማኅበራዊና ስሜታዊ ክህሎት ትምህርት

ማኅበራዊና ስሜታዊ ክህሎትን ማስተማር በዘመናችን በአብዛኛው እንደ አንድ የትምህርት ክፍለ ጊዜ ይታሰባል፤ ቁጣን መግታት፣ የሌላውን ስሜት መረዳትና ጠብን በንግግር መፍታት በየርእሱ ተከፋፍለው ይሰጣሉ። የፖላንዳዊው ሐኪምና የሕፃናት አሳዳጊ የያኑሽ ኮርቻክ ሕይወት ግን ሌላ መንገድ ያመለክታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህ ክህሎቶች የሚጎለብቱት ሕፃናት ራሳቸው በሚያካሂዱት ሥርዓት ውስጥ፣ መምህሩም ለዚያው ሥርዓት ሲገዛ መሆኑን ከእርሳቸው ሥራ በመነሣት ማሳየት ነው።

ኮርቻክ የብዕር ስማቸው ሲሆን እውነተኛ ስማቸው ሄንሪክ ጎልድሽሚት ነው። በዋርሶ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልደው ሕክምና ተማሩ፤ በሕፃናት ሆስፒታልም አገለገሉ። እ.ኤ.አ. በ1912 በዋርሶ የተከፈተውን የወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ ከስቴፋኒያ ቪልቺንስካ ጋር መምራት ጀመሩ።

በማሳደጊያው የሕፃናት ችሎት ተቋቋመ። የተበደለ ልጅ በቡጢ መልስ ከመስጠት ይልቅ የራሱንና የበዳዩን ስም በሰሌዳ ላይ ያሰፍራል። ዳኞቹ በሳምንቱ ክስ ካልቀረበባቸው ልጆች መካከል በዕጣ የሚወጡ 5 ሕፃናት ነበሩ። ኮርቻክ በጻፉት ሕግ ከአንቀጽ 100 በፊት ያሉት ሁሉ ክሱን የሚዘጉ ወይም ይቅርታ የሚሰጡ ናቸው፤ ከዚያ ወዲያ ያሉት ጥፋቱን እያከበዱ ይሄዳሉ፤ አንቀጽ 1000 ከማሳደጊያው ማስወጣትን ይደነግጋል። በክሱና በፍርዱ መካከል ያለው ጊዜ ቁጣን ያበርዳል፤ ትናንት ከሳሽ የነበረው ልጅም ዛሬ ዳኛ ሆኖ የሁለቱን ወገን ቃል መስማት ይገደዳል።

ሥርዓቱ ያለ እንከን አልተጓዘም። አንዳንድ ልጆች ይቅር ባዩን ችሎት መናቅ በመጀመራቸው ኮርቻክ ለጊዜው አቋርጠውት ነበር። ይሁን እንጂ አልተዉትም፤ አሳዳጊዎችም ሊከሰሱ እንደሚችሉ ጸና። ኮርቻክ ራሳቸው በ6 ወር ውስጥ 5 ጊዜ ችሎት ፊት ቀርበዋል፤ ከክሶቹ አንዱ አንዲትን ልጅ በስርቆት መጠርጠራቸው ነበር።

ከችሎቱ ጎን ሌሎች ልማዶችም ነበሩ። ተደባዳቢ ልጅ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚጣላ ከኮርቻክ ጋር ይወራረዳል፤ ቁጥሩን ቀስ በቀስ ሲቀንስ ከረሜላ ያገኛል። ድንገት መለወጥን ማንም አይጠይቀውም። እ.ኤ.አ. በ1926 ደግሞ ሕፃናት ራሳቸው የሚጽፉበት ሳምንታዊ ጋዜጣ መሠረቱ።

ናዚዎች ማሳደጊያውን ወደ ዋርሶ ጌቶ አዛወሩት። ኮርቻክ ራሳቸውን እንዲያድኑ የቀረበላቸውን ዕድል አልተቀበሉም፤ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1942 ከቪልቺንስካና ወደ 200 ከሚጠጉ ሕፃናት ጋር ወደ ትሬብሊንካ ተወስደው ተገደሉ።

ይህ ፍጻሜያቸው በሰፊው ሲታወስ፣ የዕለት ተዕለት ሥራቸው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ብዙ ተማሪዎች በሚታጨቁበት ክፍል ችሎቱን እንዳለ መቅዳት አዳጋች ነው። ለመምህራን የሚተርፈው ግን አንድ መሠረታዊ ጥያቄ ነው፦ በመምህሩ የተበደለ ተማሪ ያለ ፍርሃት አቤት የሚልበት ቦታ አለው? ይህ በሌለበት ክፍል ስለ መከባበር የሚሰጥ ትምህርት ከሰሌዳው ጋር አብሮ ይጠፋል።