ፍራንክ ካፕራ፦ በየልደቱ የሚታየው ፊልም አዘጋጅ

ጾመ ነቢያት ተፈጽሞ የልደት በዓል ከገባበት ከታኅሣሥ 29 ቀን አንሥቶ እስከ ጥምቀት ባሉት ቀናት ቤተ ሰብ ተሰብስቦ ፊልም መመልከቱ በከተማችን የተለመደ ሆኗል። በኮልፌ ቀራንዮም ከቅዳሴ መልስ ገበታው ከፍ ብሎ ቡናው ሲፈላ ልጆች ቴሌቪዥኑን መክፈታቸው አይቀርም። ታዲያ በዚህ ወቅት ምን ቢታይ ይበጃል? በሌላው ዓለም ለዚህ ጥያቄ በየዓመቱ ከሚሰጡት መልሶች አንዱ በ1946 የተሠራው «ኢትስ ኤ ወንደርፉል ላይፍ» የተባለው ፊልም ነው፤ በአማርኛ «ሕይወት ድንቅ ናት» ብንለው ያስኬዳል። ፊልሙን ለመረዳት የአዘጋጁን ኑሮ ማወቅ ይጠቅማልና ውድ አንባብያን፥ በዚህ እትም የፍራንክ ካፕራን ሕይወት በአጭሩ ልንተርክ ወደናል። ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ፍራንቸስኮ ሮዛርዮ ካፕራ ሜይ 18 ቀን 1897 በሲሲሊ ደሴት፥ በፓሌርሞ አካባቢ በምትገኘው በቢዛኵዊኖ ተወለደ። ከሰባት ልጆች የመጨረሻው ነበር። ወላጆቹ ካቶሊካውያን ሲሆኑ አባቱ ሳልቫቶሬ ፍሬ እያለማ ይኖር ነበር። በ1903 ቤተ ሰቡ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። አሥራ ሦስቱን የባሕር ቀናት በመርከቡ የታችኛ ክፍል፥ ነፋስ በማይገባበት፥ ሕመምና ክፉ ሽታ በበዛበት ስፍራ እንዳሳለፉ ካፕራ በእርጅናው ሳይቀር ያስታውስ ነበር። ኒው ዮርክ ሲደርሱ አባቱ ወደ ላይኛው ወለል ይዞት ወጣና የነጻነት ሐውልት የያዘችውን ችቦ እያመለከተ፥ ከቤተ ልሔም ኮከብ ወዲህ እንዲህ ያለ ታላቅ ብርሃን እንዳልታየ ነገረው። ያ አባት ማንበብ የማይችል ገበሬ ነበር፤ የልደትን ኮከብ ግን ያውቃል።

በሎስ አንጀለስ የጠበቃቸው ኑሮ ግን ብርሃን አልነበረም። አባት በሰው እርሻ ፍሬ ለቀማ ገባ፤ ትንሹ ልጅ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ጋዜጣ ያዞር ጀመር። በአጠና ተራ አካባቢ ሱቅ በደረቴ አንግተው ወይም የሊስትሮ ሣጥናቸውን ይዘው ከሚዞሩት፥ ወላጆቻቸው ከጉራጌና ከጋሞ ደጋ ከመጡት ልጆች ኑሮ ብዙ አይለይም። ቤተ ሰቡ ትምህርትን እንደ ሥራ መፍታት ቢቈጥረውም፥ ካፕራ በልዩ ልዩ ሥራ ክፍያውን እየሸፈነ በ1918 በኬሚካል ምሕንድስና ተመረቀ። በትምህርት ላይ ሳለ አባቱ በአደጋ ሞተበት። ወታደር ሆኖ ጥቂት እንዳገለገለ የዘመኑ ኅዳር በሽታ ያዘውና ወደ እናቱ ቤት ተመለሰ። እዚህ ላይ የሚያሳዝን ነገር አለ፦ ከቤተ ሰቡ ኮሌጅ የጨረሰው እርሱ ብቻ ነው፤ ሥራ ያጣውም እርሱ ብቻ ነው። መጻሕፍት በየቤቱ እየዞረ ሸጠ፤ ከከተማ ወደ ከተማ ተንከራተተ። በሳን ፍራንሲስኮ በ75 ዶላር አጭር ፊልም አዘጋጅቶ በ1922 ሲታይለት መንገዱ ተከፈተ።

ከ1928 ጀምሮ በኮሎምቢያ ኩባንያ የሠራቸውን ሁሉ መዘርዘር አያስፈልግም። በ1934 ያቀረበው አንድ የፍቅር አስቂኝ ፊልም አምስቱን ዐበይት የኦስካር ሽልማቶች ጠቅልሎ ወሰደ። በ1971 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ እንደሚተርከው ከዚህ ድል በኋላ በጽኑ ታመመ፤ ሕመሙም ከዚህ የሚበልጥ አልሠራም ከሚል ፍርሃት የመጣ ይመስላል። አንድ ቀን ስሙን ያልነገረው፥ መነጽር ያደረገ አጭር ሰው ገብቶ ገሠጸው፤ ሂትለር በራዲዮ ለሚሊዮኖች ጥላቻ ሲሰብክ፥ እርሱ ለሁለት ሰዓት በጨለማ አዳራሽ ከዚያ የሚበልጥ ሕዝብ የማነጋገር ጸጋ ተሰጥቶት መተኛቱ ፈሪነትና እግዚአብሔርን መበደል መሆኑን ነግሮት ሄደ። ካፕራ ታሪክ ማሳመር ይወድ ነበርና የሕይወቱ መርማሪዎች ይህን እንደ ወረደ አይቀበሉትም፤ እኛም ብንሆን በጥንቃቄ እንሰማዋለን። ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲህ ያዘጋጃቸው ፊልሞች ሐሳብ መለወጡ ግልጽ ነው፤ ተራው ሰው ከባለ ሥልጣንና ከባለ ጠጋ ፊት ሲቆም ማሳየት ያዘ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ ስለ ፊልም «ቪጂላንቲ ኩራ» የተባለውን መልእክታቸውን ያወጡትም በዚሁ ዘመን፥ በ1936 ነው።

በ1936 እና በ1938 ባወጣቸው ፊልሞች ሁለተኛና ሦስተኛ የአዘጋጅነት ኦስካሩን አገኘ። በዚያው በ1938 ግን ትንሹ ልጁ ጆን ቶንሲሉን ከተቀደደ በኋላ ሞተበት። ስለ እምነቱ፥ በወጣትነቱ በልደት ቀን ብቻ ቤተ ክርስቲያን የሚታይ ካቶሊክ እንደ ነበረ ራሱ አልሸሸገም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለሠራዊቱ ሰባት ተከታታይ ፊልሞችን አዘጋጀ፤ ጦርነቱ ሲያበቃም ከጓደኞቹ ጋር ሊበርቲ የተባለ የራሱን ኩባንያ አቋቋመ።

የኩባንያው የመጀመሪያ ፊልም መነሻ አጭር ልብ ወለድ ናት። ደራሲው ፊሊፕ ቫን ዶረን ስተርን አሳታሚ ቢያጣ በ1943 በ200 ቅጂ አሳትሞ እንደ ገና ካርድ ለወዳጆቹ የላካት ነበረች። ካፕራ አነበባትና ሲፈልገው የኖረውን አገኘ። ጆርጅ ቤይሊ የተባለው ሰው ዓለምን ለመዞር እየተመኘ፥ አባቱ የተወለትን ትንሽ የቁጠባና ብድር ማኅበር ላለመበተን በትንሽ ከተማ ይቀራል። ማኅበሩን ለመረዳት የእኛን እቁብ ማሰብ ይበቃል፤ ድኻው ጥቂት በጥቂት ያዋጣል፥ ከተጠራቀመውም በተራው ቤት ይሠራል። በልደት ዋዜማ የማኅበሩ 8,000 ዶላር ይጠፋል፤ ያገኘው ባለ ባንኩ ፖተር ነው፥ ይደብቀዋልም። ጆርጅ በዕዳና በውርደት ተይዞ ራሱን ሊያጠፋ ድልድይ ላይ ይቆማል። በዚያች ሌሊት የተላከለት መልአክ እርሱ ባይወለድ ኖሮ ከተማው ምን ይመስል እንደ ነበረ ያሳየዋል፦ በልጅነቱ ከውኃ ያወጣው ወንድሙ ሞቷል፥ ድኾቹም ቤት አልሠሩም።

በጆርጅነት የተጫወተው ጄምስ ስቱዋርት ከቦምብ ጣይ አብራሪነት ገና መመለሱ ነበር። በመጠጥ ቤቱ ጸሎት ላይ ሳያስበው እንባው እንደ መጣ ተናግሯል። በረዶ የሚወርድባቸው ትዕይንቶች ግን በበጋ ሙቀት የተነሡ ናቸው፤ ቀድሞ በረዶ ለማስመሰል ይበተን የነበረው ነጭ የተቀባ የበቆሎ ቅንጣት ሲረገጥ ስለሚንኮሻኮሽ፥ በምትኩ የእሳት ማጥፊያ አረፋ በሳሙናና በውኃ ተቀላቅሎ ተረጨ።

ፊልሙ ዲሴምበር 20 ቀን 1946 ተመረቀ፤ አልቀናውምም። ለአምስት ኦስካር ታጭቶ አንዱንም አላገኘም፤ ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ ኪሳራ ተመዘገበበት። በ1947 ሊበርቲ ተሸጠ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ ሠራተኞች ባለ ባንክን ክፉ አድርጎ ማሳየቱ የኮሚኒስቶች ዘዴ ነው የሚል ማስታወሻ ጻፉ። ካፕራም ቀስ በቀስ ከመድረኩ ራቀ፤ የመጨረሻ ረጅም ፊልሙን በ1961 ሠራ።

በ1974 ግን የፊልሙን የባለቤትነት መብት ማሳደስ በጽሕፈት ቤት ስሕተት ተዘነጋ። የቴሌቪዥን ጣቢያዎችም ያለ ክፍያ ማሳየት ቻሉ፤ በልደት ሰሞን በየጣቢያው ደጋግመው አሳዩት። በሀያ ስምንት ዓመት ያልተወደደው ፊልም በዚህ መንገድ የበዓል ልማድ ሆነ። ካፕራ ይህን ሲያይ ተደነቀ፤ ልጁ አድጎ ፕሬዚዳንት እንደሆነለት አባት መደሰቱን፥ ሥራውን የሠራው ግን ልጁ መሆኑን ተናገረ። ሴፕቴምበር 3 ቀን 1991 በ94 ዓመቱ በካሊፎርኒያ በእንቅልፉ ዐረፈ። ከአራት ዓመት በኋላ፥ በ1995፥ የሲኒማ መቶኛ ዓመት ሲከበር ቫቲካን ከመረጠቻቸው 45 ፊልሞች መካከል በመልካም እሴት ረድፍ ይህ ፊልም ተቈጥሯል።

እኛ በፊልሙ በጣም የወደድነው ፖተር ሳይቀጣ፥ ገንዘቡም ሳይመለስ መፈጸሙን ነው። ጆርጅን ያዳነው የሌባው መያዝ አይደለም፤ ጎረቤቶቹ በየቤታቸው ስለ እርሱ መጸለያቸውና ያላቸውን ይዘው መምጣታቸው ነው። በበዓል ዋዜማ ዕዳ አስጨንቆት ከቤቱ የሚሸሽ አባት በእኛም ሰፈር አለና፥ እንዲህ ያለው ታሪክ ለወጣቶች ብቻ መታየት የለበትም።

በየቁምስናው ሊያሳዩ ለሚያስቡ ካቴኪስቶች ጥቂት ማሳሰቢያ እንጨምር። በፊልሙ መልአኩ ክላረንስ ቀድሞ ሰዓት ሠሪ የነበረ፥ ሞቶ ክንፍ ለማግኘት የሚደክም ሰው ሆኖ ቀርቧል። ይህ ቀልድ ነው፤ ትምህርተ ክርስቶስ አይደለም። መላእክት ከመጀመሪያው መላእክት ሆነው የተፈጠሩ ናቸው፥ የሰው ነፍስም መልአክ አትሆንም፤ ልጆች ይህን ቀድመው ይስሙ። ፊልሙ 130 ደቂቃ ይወስዳል፥ በጥቁርና ነጭ የተነሣ ነው፥ እንግሊዝኛውም ፈጣን ነው። ስለዚህ ታሪኩን አስቀድሞ መንገር፥ ሕዝቡ ገንዘቡን ለማውጣት በማኅበሩ በር በሚጋፋበት ቦታም ቆም አድርጎ በእቁብ ምሳሌ ማስረዳት ያስፈልጋል። የድልድዩ ትዕይንት ያስፈራልና ትንንሾቹ ከወላጆቻቸው አጠገብ ይቀመጡ።