የነጠብጣቡ ደብተር

ዛሬ ስለ አንድ ሰው ሕይወት ልጽፍላችሁ ነው። መልኩን ታውቁታላችሁ። መቶ ዶላር ይዛችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ እዚያ ላይ ያለው ግንባሩ ገለጥ ያለ፣ ጸጉሩ ወደ ትከሻው የወረደ ሽማግሌ እሱ ነው። ቤንጃሚን ፍራንክሊን ይባላል። ትምህርት ቤት ስለ መብረቅ ስንማር ስሙ ይነሳ ነበር። እኔ ግን የወደድኩለት አንዲት ትንሽ ደብተሩን ነው።

ፍራንክሊን የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1706 አሜሪካ ውስጥ ቦስተን ከተማ ነው። አባቱ ሻማና ሳሙና ሠሪ ሲሆን 17 ልጆች ወልዷል። ፍራንክሊን የተማረው ሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ በ10 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ አባቱን ማገዝ ጀመረ። በ12 ዓመቱ ደግሞ ማተሚያ ቤት ለነበረው ለታላቅ ወንድሙ እስከ 21 ዓመቱ ሊያገለግል ተፈረመበት። ኮንትራት ማለት እኮ ነው፣ ያውም የዘጠኝ ዓመት! ወንድሙ ይቆጣዋል፣ ይመታዋልም።

ልጁ ግን ማንበብ ይወዳል። ቀኑ የሰው ስለሆነ ማታ መጽሐፍ ይዋስና ጠዋት ለመመለስ ሲል ሌሊቱን ያነባል። በ16 ዓመቱ ገደማ ሥጋ መብላት ተወና፣ ለምግቡ ከሚወጣው ገንዘብ ግማሹን በእጁ እንዲሰጠው ከወንድሙ ጋር ተስማማ። ከዚያችም ላይ ቆጥቦ መጽሐፍ ገዛ። ሌሎቹ ምሳ ሲሄዱ እሱ ዳቦና ዘቢብ ቀምሶ ያነብ ነበር። በ1723 ኮንትራቱን ሳይጨርስ ጠፍቶ ፊላደልፊያ ገባ። እዚያም ሠርቶ የማተሚያ ቤትና የጋዜጣ ባለቤት ለመሆን በቃ።

ደብተሯን ያዘጋጀው ገና በወጣትነቱ ነው። ጥሩ ሰው ለመሆን ፈለገና ሊለምዳቸው የሚገቡ ነገሮችን ጻፈ። በልክ መብላት፣ ከማይረባ ወሬ መራቅ፣ ሥራን በሥርዓትና በሰዓቱ መሥራት፣ ገንዘብ አለማባከን፣ የመሳሰሉትን። መጀመሪያ 12 ነበሩ። አንድ ወዳጁ ኩራተኛ ነህ ስላለው ትሕትናን ጨምሮ 13 አደረጋቸው። ከዚያ ሰባቱን ቀናት በመስመር ከፍሎ፣ ማታ ማታ ራሱን እየመረመረ ባጠፋበት ቦታ ጥቁር ነጥብ ያደርግ ጀመር። በየሳምንቱ በአንዱ ላይ ይበረታል። በ13 ሳምንት ዙሩ ያልቃል፣ በዓመት አራት ዙር ማለት ነው።

እና ምን ሆነ? ደብተሯ በነጥብ ተሞላች! ጥፋቱ ከገመተው በላይ ሆኖ አገኘው። አዲስ ዙር ሲጀምር የድሮውን ነጥብ እየፋቀ ስለነበር ወረቀቱ ተበሳሳ። ታዲያ ደብተሩን ጣላት? አልጣላትም። ሰንጠረዡን በስስ የዝሆን ጥርስ ገጾች ላይ በማይለቅ ቀይ ቀለም አሰመረው፤ ነጥቡን ግን በእርሳስ አደረገው። በእርጥብ ስፖንጅ ጠረግ ሲያደርገው ነጥቡ ይጠፋል፣ መስመሩ ይቀራል። እኔ ይህችን ነገር ሳነብ በጣም ነው የገረመኝ። ሰውዬው ነገም እንደሚያጠፋ አውቆ ነው የተዘጋጀው።

ከሁሉ ያቃተው ሥርዓት ነው። ንጋት 11 ሰዓት ተነስቶ፣ ምሽት 4 ሰዓት እስኪተኛ እያንዳንዷን ሰዓት ደልድሎ ነበር። ግን ደንበኛ በፈለገው ሰዓት ይመጣበታል፣ ፕሮግራሙ ይፈርሳል። ተስፋ ሊቆርጥም ደርሶ ነበር። ይህን እኛ እናውቀዋለን አይደል? ማዳም ሳይታሰብ እንግዳ ትጠራለች፣ ልጅ ታሞ ሌሊቱን ያድራል። አረብኛ ለመማር ወይም ለማንበብ የያዝናት ግማሽ ሰዓት ትሄዳለች። ብዙ እህቶች በዚህ የተነሳ ሰኞ የጀመሩትን ረቡዕ ይተዉታል። ችግሩ የረቡዕ መበላሸት አይመስለኝም፤ ሐሙስን አብሮ መጣል ነው።

ፍራንክሊን በኋላ ጉዞና ሥራ ሲበዛበት በዓመት አንድ ዙር ብቻ አደረገ፣ ቀጥሎም በብዙ ዓመት አንድ፣ በመጨረሻም ቀረ። ደብተሯን ግን ከእጁ አልለያትም። በ1776 የአሜሪካን የነጻነት አዋጅ ከፈረሙት አንዱ ሆነ። በ70ዎቹ መጨረሻ ሕይወቱን ሲጽፍ፣ ያሰበው ፍጹምነት ላይ ባይደርስም በመሞከሩ የተሻለና ደስተኛ ሰው እንደሆነ ገልጿል።

አንድ ነገር ግን መደበቅ የለብኝም። በሰው ቤት የምንሠራ ስለሆንን ይመለከተናል። ይህ ሰው ለብዙ ዓመታት በቤቱ ባሪያዎች ነበሩት፤ ጋዜጣውም የባሪያ ሽያጭ ማስታወቂያ ያትም ነበር። ከ13ቱ ውስጥ ፍትሕ የሚል ነበረ፣ ቤቱ ውስጥ ያሉትን ግን አላሰበም። ያንን ያየው ዘግይቶ ነው። በ1787 ባርነትን የሚቃወም ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነ። በየካቲት 1790 ባርነት እንዲቀር ማኅበሩ ለአሜሪካ ምክር ቤት ያቀረበውን አቤቱታ ፈረመ፤ ምክር ቤቱ አልተቀበለውም። በሚያዝያ በ84 ዓመቱ አረፈ። ለእነዚያ ባሪያዎች በጣም የዘገየ ነው፣ እኔም ይህን አልፈርድለትም። ግን በዚያ እድሜው እንኳ ራሱን ማረም አለመተዉ ያስተምራል።

እና እህቶቼ፣ ደብተር ያላችሁ አውጧት። ግማሽ ሰዓት ባይገኝ አምስት ደቂቃ፣ አንድ ቃልም ቢሆን ጻፉ። ያመለጠውን ቀን ነጥብ አድርጉበትና እለፉት። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ በያላችሁበት ሰላም ሁኑ።