ብረቱ ማይክ፦ ከድንች ማሳ እስከ ክብር አደባባይ፣ ከክብር አደባባይ እስከ ጎዳና

በሰሜን አሜሪካዋ የዊስኮንሲን ግዛት ክረምት ረጅም ነው። በረዶው ምድሩን ለወራት ሸፍኖ ይከርማል፤ በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ ገበሬው ለዘር ይጣደፋል። ማይክ ዌብስተር በዚህች ግዛት፣ ቶማሃውክ በተባለች ትንሽ ከተማ፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1952 ተወለደ። ቤተሰቡ 260 ሄክታር ገደማ በሚሰፋ መሬት ላይ ድንች ያመርት ነበር። ከአምስት ልጆች ሁለተኛው የሆነው ማይክ ጉልበቱን ያፈረጠመው፣ ትዕግሥትንም የተማረው በዚያ ማሳ ላይ ነው።

ስሙን ያስጠራው ግን እርሻ ሳይሆን የአሜሪካ እግር ኳስ ነው። ይህ ጨዋታ በሌላው ዓለም ከሚታወቀው እግር ኳስ የተለየ ነው። ኳሷ ሞላላ ናት፤ በእጅ ትያዛለች፣ ትወረወራለች፣ ታቅፎም ይሮጥባታል። ከየቡድኑ 11 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ኳስ ከያዘው ቡድን ፊት አምስት ግዙፍ ሰዎች እንደ አጥር ይቆማሉ። ሥራቸው ነጥብ ማስቆጠር አይደለም፤ ከኋላቸው ያለውን ኳስ አቀባይ ከተጋጣሚ መጠበቅና ኳስ ይዞ ለሚሮጠው መንገድ መክፈት ነው። ተመልካች ስማቸውን እምብዛም አይጠራም። እነርሱ ከሌሉ ግን ጨዋታ የለም።

ከአምስቱ መሀል የሚቆመው ሴንተር ይባላል። አጎንብሶ ኳሷን በእግሮቹ መካከል ወደ ኋላ ያቀብላል፤ በዚያው ቅጽበት ቀና ብሎ ፊት ለፊት ከቆመው ባላጋራ ጋር ይላተማል። የዌብስተር ቦታ ይህ ነበር።

የፒትስበርግ ስቲለርስ ቡድን ከዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ በ1974 መለመለው። በምልመላው ተራ 125ኛ ነበር። ለቦታው ቁመቱም ክብደቱም ያንሳል ተብሎ ብዙዎች አልፈውት ነበር። ፒትስበርግ በዚያው ዓመት ከመለመላቸው ተጫዋቾች መካከል ግን ሊን ስዋን፣ ጃክ ላምበርት፣ ጆን ስታልዎርዝና ዌብስተር፣ አራቱም፣ ኋላ በስፖርቱ የክብር መዝገብ ላይ ሰፍረዋል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት የነባሩ ሴንተር የሬይ ማንስፊልድ ተተኪ ሆኖ አሳለፈ። ቦታውን ከተረከበ በኋላ ግን የሚያስለቅቀው አልተገኘም። ክብደት እያነሳ ሰውነቱን ወደ 116 ኪሎ ግራም አደረሰ። ብርዱ አጥንት ሰብሮ በሚገባባቸው የፒትስበርግ ቀናት እጅጌውን ወደ ላይ ጠቅልሎ ይሰለፍ ነበር። ተጫዋቾች ከምክክር ወደ መስመሩ በእርጋታ ሲመለሱ እርሱ እየሮጠ ይሄዳል፤ እንዳልደከመ ለባላጋራው ማሳየት ይፈልጋልና። ብረት አቅላጮች በሞሉባት በዚያች ከተማ ሕዝቡ ብረቱ ማይክ ብሎ ሰየመው።

ስሙም የተገባው ነበር። ከ1974 እስከ 1986 ድረስ 177 ጨዋታዎችን አንድም ሳያጓድል ተጫወተ። ተከታታይነቱን ያቋረጠው በ1986 የደረሰበት የክርን ውልቃት ነው፤ ያኔም ያመለጡት ጨዋታዎች አራት ብቻ ናቸው። ቡድኑ በዚያ ዘመን የአገሪቱን ታላቅ ዋንጫ፣ ሱፐር ቦውልን፣ አራት ጊዜ ሲያነሳ ዌብስተር በአራቱም ነበረ። ዘጠኝ ጊዜ ለሊጉ የኮከቦች ጨዋታ ተመረጠ። በ1989 የካንሳስ ሲቲ ቺፍስ ቡድን በአሠልጣኝነት ቀጠረው፤ እርሱ ግን ብዙም ሳይቆይ ወደ ሜዳ ተመልሶ ሁለት የውድድር ዘመን ጨመረ። በጠቅላላው በ17 የውድድር ዘመናት 245 ጨዋታዎችን አድርጎ ጫማውን ሰቀለ።

የዚህ ጽናት ሒሳብ የተጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው።

በወጣትነቱ ዘመን ተከላካዮች የመስመር ተጫዋቹን ጭንቅላት በመዳፋቸው እንዲመቱ ሕጉ ይፈቅድ ነበር፤ የተከለከለው በ1977 ነው። ምቱ ቢከለከልም መላተሙ አልቀረም። በየጨዋታው በደርዘን የሚቆጠር፣ በየልምምዱም ሌላ ይጨመርበታል። አንዱ ግጭት ብቻውን ሰው አይጥልም፤ ራስን ለአፍታ አዙሮ ያልፋል። ተጫዋቹም ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ይቀጥላል። የራስ ቁር አጥንትን ከስብራት ያድናል፤ አጥንት ውስጥ ያለውን አንጎል ግን ከመናወጥ አያድንም። በቅል ውስጥ ያለ ወተት ቅሉ ሳይሰበር እንደሚናጥ፣ አንጎልም የራስ ቅል ሳይሰነጠቅ ይናጣል።

ዌብስተር ጡረታ ከወጣ በኋላ ሐሳቡ መበታተን ጀመረ። የሚያውቀውን መንገድ ይስት፣ የጀመረውን ነገር ይረሳ ነበር። ገንዘቡ በከሰሩ ንግዶች አለቀ፤ ትዳሩ ፈረሰ። አራት ዋንጫ ያነሳው ሰው በመኪናው ውስጥና በባቡር ጣቢያ የሚያድርባቸው ሌሊቶች መጡ። ሕመሙ እንቅልፍ ሲነሳው በኤሌክትሪክ ማደንዘዣ መሣሪያ ራሱን እየነዘረ ይተኛ ነበር። በ1997 የክብር መዝገቡ አባል ሲሆን ታዳሚው ያጨበጨበለት ሰው እንዲህ እየኖረ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላም በሐሰተኛ ማዘዣ መድኃኒት በመውሰድ ተከሶ በአመክሮ ተለቀቀ።

ቤተሰቡና ጠበቃው የሊጉን የጡረታ ቦርድ ካሣ ጠየቁ። ቦርዱ ጉዳቱ ከጨዋታው የመጣ መሆኑን ተቀበለ፤ ሥራ መሥራት ያቃተው ከመቼ ጀምሮ ነው በሚለው ላይ ግን አልተስማማም፤ ዝቅተኛውንም ክፍያ ወሰነለት። ክርክሩ ሳይቋጭ ዌብስተር በመስከረም ወር 2002 በልብ ድካም ፒትስበርግ ውስጥ አረፈ። ዕድሜው ገና 50 ነበር። ፍርድ ቤት ለቤተሰቡ የፈረደው በ2005 ሲሆን፣ በቀጣዩ ዓመት ይግባኝ ሰሚው አጸናው። ገንዘቡ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር ይበልጥ ነበር፤ ባለቤቱ ግን አፈር ለብሷል።

አስከሬኑን የመረመሩት ዶክተር ቤኔት ኦማሉ የተባሉ ናይጄሪያዊ ተወላጅ ናቸው። ስለ ጨዋታው ብዙም አያውቁም፤ ለሟቹ ዝናም ባይተዋር ነበሩ። ምናልባትም የረዳቸው ይኸው ነው። አንጎሉ ከላይ ሲታይ ጤነኛ ይመስል ነበር። እርሳቸው ግን የ50 ዓመት ሰው እንዲያ የተጎሳቆለበትን ምክንያት ለማወቅ ከኪሳቸው እየከፈሉ ሕዋሱን በስስ ተቆራርጦ በማጉያ መሣሪያ እንዲታይ አደረጉ። በውስጡም ታው የተባለ ፕሮቲን ያለ ቦታው ተከማችቶ አገኙ። ተመሳሳይ ጉዳት በቦክሰኞች ላይ መኖሩ ከ1928 ጀምሮ በሕክምና ጽሑፍ ይታወቅ ነበር፤ በአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች ላይ ግን ማንም አላሳየም።

ግኝታቸው በ2005 በሕክምና መጽሔት ሲወጣ የሊጉ ሐኪሞች ጽሑፉ እንዲሰረዝ ጠየቁ። ጽሑፉ አልተሰረዘም። ሌሎች የሞቱ ተጫዋቾች አንጎል ሲመረመር ያው ምልክት ተገኘ። በሺዎች የሚቆጠሩ የቀድሞ ተጫዋቾች ሊጉን ከሰሱ፤ በ2013 ሊጉ 765 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ በኋላም የገንዘቡ ጣሪያ ተነሣ። በ2016 ደግሞ አንድ ከፍተኛ የሊጉ ኃላፊ በምክር ቤት አባላት ፊት ጨዋታውና በሽታው ግንኙነት እንዳላቸው አመኑ። ዛሬ ጭንቅላቱን የተመታ ተጫዋች ሐኪም ሳያየው ወደ ሜዳ አይመለስም።

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ዌብስተር የሸሸገው ለማታለል አልነበረም። በማሳ ላይ ያደገ ሰው እንደለመደው፣ ሥራው እስኪያልቅ ሕመሙን ዋጠው እንጂ። በዘመኑ ጽናቱን የሚቆጥር ብዙ ነበር፤ ምቱን የሚቆጥር ግን አልነበረም። ከእርሱ በኋላ የመጡት ተጫዋቾች ምቱ የሚቆጠርላቸው እርሱ ሳይቆጠርለት ስላለፈ ነው።