ሐሰተኛውን ሰነድ በሰዋስው የገለጠው ሎሬንዞ ቫላ

ሎሬንዞ ቫላ በ1407 ገደማ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) በሮማ ከተማ ተወለደ። የላቲንን ቋንቋ አጥብቆ ተማረ፤ አድጎም በፓቪያ አስተማሪ፥ ኋላም የንጉሥ አልፎንሶ ጸሐፊ ሆነ።

በዚያ ዘመን አንድ እጅግ የተከበረ ሰነድ ነበረ። ይኸውም ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ ሮማን፥ ኢጣልያንና የምዕራብን አገሮች ለሮማው ጳጳስ ለሲልቬስተር ሰጠ የሚል ነው። ጳጳሳቱም በነገሥታት ላይ ላላቸው ሥልጣን እንደ ማስረጃ ያቀርቡት ነበር።

ቫላ በ1440 ሰነዱን ቃል በቃል መረመረው። በቆስጠንጢኖስ ጊዜ የሮማ ሹማምንት የማይጠሩበትን ሳትራፕ የሚባል የፋርስ ማዕርግ አገኘበት። ቍስጥንጥንያም ገና ሳትቈረቈር የመንበር ከተማ ተብላ ተጽፋለች። ላቲኑም የኋላ ዘመን ላቲን ነው። ስለዚህ ሰነዱ ሐሰተኛ መሆኑን አስረዳ። ዛሬም ሊቃውንት ሰነዱ የተጻፈው ቆስጠንጢኖስ ከሞተ ከ400 ዓመት ያህል በኋላ እንደ ሆነ ይናገራሉ።

እርግጥ አልፎንሶ ያን ጊዜ ስለ ናፖሊ ከጳጳሱ ጋር ይጣላ ስለ ነበር ጽሑፉ ጠቅሞታል። ነገር ግን ማስረጃው ለማንም የሚያደላ አልነበረም። ቫላ በ1444 በሃይማኖት ነገር ተከሶ በመርማሪዎች ፊት ቀረበ፤ ንጉሡም አዳነው። የሚያስደንቀው ግን በ1448 ጳጳስ ኒቆላዎስ 5ኛ ራሳቸው ወደ ሥራ አስገቡት። በ1457 በሮማ ሞተ።

እንግዲህ እኛ ተማሪዎች ሰዋስው ሲያሰለቸን ይህን ሰው እናስታውስ። ብዙ ዘመን የታመነውን ሐሰት የገለጠው ሰይፍ ሳይሆን ያለ ቦታው የገባ ቃል ነው።