ሳይጠየቁ የተወሰዱት ሐኪም፦ ወርቅነህ እሸቴ

እኔ የጎብዬ ልጅ ነኝ። ከወልድያ ወደ ቆቦ ስትሄዱ በግራም በቀኝም ማሽላ የምታዩበት፣ ሙቀቱ ቀልድ የማያውቅ አገር ነው። አምና አያቴ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል ተብላ ስሙን ወደማልጠቅሰው ሆስፒታል ወሰድናት። ጠዋት አንድ ወረቀት መጣ። አያቴ ማንበብ ስለማትችል አውራ ጣቷን ቀለም አስነክተው አስፈረሟት። ወረቀቱ ስለ ማደንዘዣም እንደሚያወራ ያወቅኩት ኋላ ሳነበው ነው። ሙሉ ለሙሉ ትተኛለች ወይስ ከወገቧ በታች ብቻ ትደነዝዛለች የሚለውን ያስረዳት ሰው አልነበረም። ስትወጣ እግሯ አልታዘዝ ሲላት ሽባ የሆነች መስሏት አለቀሰች። ከሰዓታት በኋላ እግሯ ደህና ሆነ፤ ለቅሶዋ ግን ከጆሮዬ አልወጣም።

ታዲያ ለክፍል ሥራ የአንድ ታዋቂ ሰው ሕይወት እንድንጽፍ ስንታዘዝ፣ በዘመናዊ ትምህርት የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም የሚባሉትን ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን መረጥኩ።

ወርቅነህ የጎንደር ተወላጅ ናቸው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲሞቱ ገና ሦስት ዓመት ገደማ ልጅ ነበሩ። በዚያ ትርምስ ከወገኖቻቸው ተለያዩና የእንግሊዝ መኮንኖች ይዘዋቸው ሄዱ። የእንግሊዝ ጦር መንገድ ከእኛ ሜዳ በላይ ባሉት ተራሮች፣ በአሸንጌ ሐይቅ አጠገብ የሚያልፍ ነበር። ሕፃኑን መሄድ ትፈልጋለህ ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። ሕንድ ደረሱ፤ አንደኛው መኮንን ብዙም ሳይቆይ ሞተ፤ ሌላው፣ ኮሎኔል ማርቲን፣ ማስተማሪያቸውን ቻለ። ስማቸውም ቻርልስ ማርቲን ሆነ። አማርኛውንም ረሱት።

ላሆር በሚገኘው የሕክምና ትምህርት ቤት ተምረው እ.ኤ.አ. በ1882 ተመረቁ። ቀጥለውም ስኮትላንድ ሄደው በኤድንብራና በግላስጎው ተጨማሪ የሙያ ማረጋገጫ አገኙ፤ በርማ ውስጥም በሐኪምነት አገለገሉ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። እሳቸው የተማሩበት ዘመን የክሎሮፎርም ዘመን ነበር። ክሎሮፎርምን ለማደንዘዣነት ያስተዋወቀው ሐኪም ሲምፕሰን ሲሆን፣ ከተማውም ያው ኤድንብራ፣ ዓመቱም እ.ኤ.አ. 1847 ነው። ጥቂት ወራት ሳይሞላ፣ በ1848፣ ሃና ግሪነር የተባለች የ15 ዓመት እንግሊዛዊት ለእግር ጥፍር ሕክምና ክሎሮፎርም ተሰጥቷት ሞተች። እ.ኤ.አ. በ1888 እና በ1889 ደግሞ ሕንድ ውስጥ፣ ሃይደራባድ፣ ሁለት ኮሚሽኖች ተቋቁመው መድኃኒቱ የሚገድለው ትንፋሽን በማቆም ነው ወይስ ልብን የሚለውን መረመሩ። ትንፋሹን ብቻ ጠብቁ የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሱ። ኋላ ግን ልብም በድንገት ሊቆም እንደሚችል ተረጋገጠ። እንግዲህ ሐኪሞቹ ራሳቸው ያልተስማሙበትን መድኃኒት ነበር በሽተኛው ዐይኑን ጨፍኖ የሚስበው!

የዓድዋ ድል ወሬ በ1888 ዓ.ም. ሲሰማ ወርቅነህ አገራቸውን ለማየት ተነሡ። በ1892 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። አያታቸው በልጅነት ጠባሳቸው እንዳወቋቸው ይነገራል። ከገዛ ወገናቸው ጋር ለመነጋገር ግን አስተርጓሚ ያስፈልጋቸው ነበር። እኔን ከሁሉ የነካኝ ይሄ ነው። ሐኪሙ ሙያውን ያውቃል፣ ሕመምተኛው ሕመሙን ያውቃል፤ መሀላቸው ያለው ቋንቋ ነው። በአያቴና በሐኪሞቿ መሀል ያለው ቋንቋ አንድ አማርኛ ሆኖ ሳለ ያልተነጋገሩት ለምንድን ነው?

ወርቅነህ ወደ በርማ ተመልሰው ሄዱ፤ እ.ኤ.አ. በ1908 እንደገና መጥተው አፄ ምኒልክን በሕመማቸው ጊዜ ካከሙት አንዱ ሆኑ፤ በመጨረሻም ጠቅልለው ገቡ። የረሱትን ቋንቋ ተምረው በአማርኛ የዓለም ጂኦግራፊ መጽሐፍ እስከመጻፍ ደረሱ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት መርተዋል፤ ጨርጨርን ገዝተዋል፤ ፋሺስት ኢጣሊያ በወረረን ጊዜ ሎንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ነበሩ። በ1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ከተጣለው ቦምብ በኋላ ፋሺስቶች ቢንያምና ዮሴፍ የተባሉ ልጆቻቸውን ገደሉባቸው። ከነፃነት በኋላ ተመልሰው በመስከረም 1945 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አረፉ።

ዛሬ ክሎሮፎርም ቀርቷል። ማደንዘዣው ብዙ ዓይነት ነው። በጀርባ መርፌ ከወገብ በታች የሚያደነዝዘው አለ፤ በሽተኛው ነቅቶ ይሰማል፣ እግሩ ለሰዓታት አይታዘዝም፣ ኋላ ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላል። ሙሉ ለሙሉ የሚያስተኛ አለ። ኬታሚንም አለ፤ ሲነቁ ሊያቃዥ ይችላል። ምርጫው እንደ ሕመሙና እንደ ሰውነቱ ስለሆነ ሁልጊዜ በበሽተኛው እጅ አይሆንም። መጠየቅና መልስ ማግኘት ግን በእጁ ነው። ባለሙያውም በፊት ማደንዘዣ ወስዶ ያስቸገረው እንደሆነ፣ የሚወስደው መድኃኒትና የማይስማማው ነገር ካለ፣ መቼ እንደበላ ከበሽተኛው መስማት አለበት። መስማማት ማለት እንግዲህ ጣትን ቀለም መንከር ብቻ አይደለም።

እኛ ጋዜጠኛ ልንሆን ነው የምንማረው። ከባዱን ነገር በሰው ቋንቋ ማስረዳት ሥራችን ይመስለኛል። አያቴ ሰሞኑን ዐይኗን ልትታከም ነው። ቁጭ ብለን ዐይኗ ብቻ እንደሚደነዝዝ፣ እሷ ግን ነቅታ እንደምትቆይ ነገርኳት። አሰብ አደረገችና ሐኪሙን የምትጠይቀው ሦስት ጥያቄ እንዳላት ነገረችኝ። ሦስቱንም ጽፌላታለሁ።