የኤድጋር ኮድ አጭር የሕይወት ታሪክ

በባንክ መስኮት ፊት ቆመን የሒሳብ ቍጥራችንን ስንናገር፥ ጸሐፊው ሒሳባችን በኮምፒዩተሩ ሆድ ውስጥ በየትኛው ስፍራ ተመዝግቦ እንደ ተቀመጠ አያውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገውም። ይህ ዛሬ ቀላል ነገር ይመስላል። ነገር ግን ይህን ለማስረዳት አንድ ሰው ከገዛ አሠሪዎቹ ጋር ለብዙ ዓመታት መከራከር ነበረበት። እርሱም ኤድጋር ኮድ ነው። ስሙ ለኮምፒዩተር ሥራ ተብሎ የወጣ ቢመስልም የቤተ ሰቡ ስም ነው፤ ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ኮድ በ1923 በእንግሊዝ አገር ደቡብ ጠረፍ በፖርትላንድ ተወለደ። ለወላጆቹ ሰባተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበረ፤ እናቱም አስተማሪ ነበረች። በኦክስፎርድ ሒሳብና ኬሚስትሪ ተማረ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ አየር ኃይል አብራሪ ሆነ። በ1948 ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ በኋላም አይ.ቢ.ኤም. በተባለው ኩባንያ ተቀጠረ። በ1953 ግን ሴናተር ማካርቲ ብዙ ሰዎችን በኮሙኒስትነት እየከሰሰ ሲያስጨንቅ፥ ኮድ በዚህ ተቈጥቶ ወደ ካናዳ ሄደና ጥቂት ዓመታት በዚያ ተቀመጠ። ጠባዩ ከዚህ ይታወቃል። ወደ አሜሪካ ተመልሶም ዕድሜው ከአርባ ካለፈ በኋላ በ1965 በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ። እኛ ግን በዐሥራ ስምንት ዓመታችን ትምህርት በዛብን እንላለን!

በዚያን ዘመን በኮምፒዩተር ውስጥ ያሉ መዝገቦች እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ አንዱ ከሌላው ሥር ተያይዘው ይቀመጡ ነበር። በትምህርት ቤት ምሳሌ ላስረዳ። የተማሪዎች መዝገብ በየክፍሉ ተለይቶ ቢቀመጥ፥ ከአንድ ሰፈር የሚመጡትን ልጆች ሁሉ ለማወቅ የፈለገ ሰው የእያንዳንዱን ክፍል መዝገብ መገልበጥ ግድ ይሆንበታል። የመደርደሪያው ሥርዓት ከተለወጠም አሮጌው የመፈለጊያ መንገድ ከንቱ ይሆናል። ፕሮግራም ጸሐፊዎችም በዚያን ጊዜ እንዲሁ ይቸገሩ ነበር።

ኮድ በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ሁሉም ነገር በሠንጠረዥ ይቀመጥ አለ። አንዱ ሠንጠረዥ የተማሪውን ቍጥርና ስም፥ ሌላው ቍጥሩንና ሰፈሩን፥ ሦስተኛው ቍጥሩንና ማርኩን ይይዛል፤ የሚያገናኛቸውም በሁሉም ውስጥ የሚገኘው ቍጥር ነው። ጠያቂው የሚፈልገውን ብቻ ይናገራል፤ መንገዱን መፈለግ የኮምፒዩተሩ ሥራ ነው።

ኩባንያው ግን በአሮጌው ዘዴ የተሠራውን አይ.ኤም.ኤስ. የተባለ ፕሮግራም ይሸጥ ስለ ነበረ ነገሩን በቀዝቃዛ ዓይን ተመለከተው። ብዙዎችም የኮድ ሐሳብ በወረቀት ላይ ያማረ፥ በሥራ ላይ ግን የሚዘገይ ነው ብለው ነቀፉት። በ1974 ከታወቀው ሊቅ ከቻርልስ ባክማን ጋር በሊቃውንት ጉባኤ ፊት ተከራከረ። የገዛ ኩባንያው ተመራማሪዎች ሐሳቡን በሥራ ፈትነው መልካምነቱን ካሳዩ በኋላ እንኳ ለሽያጭ የቀረበው በ1981 ነው። በ1977 የተቋቋመውና በኋላ ኦራክል የተባለው ትንሽ ኩባንያ ግን የታተሙትን ጽሑፎች አንብቦ በ1979 ቀድሞ ገበያ ላይ አዋለው። ኮድም በ1981 የቱሪንግን ሽልማት ተቀበለ።

ዛሬ የመረጃ ቋት አስተዳዳሪ የተባለው ባለሙያ የኮምፒዩተሩን ሜሞሪ እንደ ሥራው ዓይነት ያካፍላል። ከፊሉን ከዲስክ ተነቦ ሁሉ ለሚጋራው መረጃ ይመድባል፤ ከፊሉንም እያንዳንዱ ተጠቃሚ ለብቻው ለሚደረድረውና ለሚያሰላው ይተዋል። ድርሻው ቢያንስ ኮምፒዩተሩ ወደ ዲስክ እየተመላለሰ ይዘገያል፤ ቢበዛም ለሌላው ሥራ ቦታ ይጠፋል። ሆኖም ድርሻው በተለወጠ ቍጥር ፕሮግራሙ እንደገና አይጻፍም። በ2013 ደግሞ ኦራክል አንድን የመረጃ ቋት ከነሠንጠረዦቹ ከአንዱ ማደሪያ ነቅሎ በሌላው ለመሰካት የሚያስችል ዘዴ አወጣ። ይህ ሲሆን ኮድ ካረፈ ዐሥር ዓመት ሆኖት ነበር፤ በ2003 በሚያዝያ ወር በፍሎሪዳ በ79 ዓመቱ ዐርፎአልና።