ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፥ በአሳዳጊዎቻቸው አገር የኢትዮጵያ መልእክተኛ

በእኛ ሰፈር በኮልፌ ቀራንዮ የአምባሳደርነት ነገር በተነሣ ቍጥር ጨዋታው ወደ ጥቁር መኪናና ወደ ግብዣ ያዘነብላል። ማዕረጉን የሚመኝ ወጣት ብዙ ነው፤ እኛም ከዚያው ወገን ነን። የሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ታሪክ ያነበበ ግን ምኞቱን ጥቂት ሳያመዛዝን አይቀርም።

ሐኪም ወርቅነህ የጎንደር ተወላጅ ናቸው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ ገና የሦስት ዓመት ያህል ሕፃን ነበሩ። ከወላጆቻቸው ተለይተው ስለ ተገኙ፥ ኮሎኔል ቻምበርሌን የሚባለው እንግሊዛዊ መኰንን ወደ ሕንድ ወሰዳቸው። እርሱ ሲሞት ማርቲን የተባለ ሌላ ኮሎኔል የትምህርታቸውን ወጪ ቻለ። ቻርልስ ማርቲን የተባሉት ስለዚህ ነው። በላሆር ሕክምና ተምረው በበርማ የእንግሊዝ መንግሥት ሐኪም ሆኑ። አማርኛው ፈጽሞ ጠፍቶባቸው ነበር። ከዓድዋ ድል በኋላ፥ በ1891 ዓ.ም.፥ አገራቸውን ፍለጋ ቢመጡ አያታቸው በገላቸው ላይ በነበረው ጠባሳ ለይተው አወቋቸው።

ከዚያ ወዲያ የሠሩት ሥራ ብዙ ነው፤ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም፥ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ኀላፊ፥ የጨርጨር ገዥም ሆነዋል። በ1920 ዓ.ም. ስለ ጣና ግድብ ከአንድ የአሜሪካ ኩባንያ ጋር ሊነጋገሩ አሜሪካ ሄዱ። ወሬው ሎንዶን ሲሰማ የዓባይ ውሃ ነገር የሚያሳስባቸው እንግሊዞች እጅግ ደነገጡ። ያሳደጉት ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ይዞ ይመጣል ብለው መቼ አሰቡ!

በ1927 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ሎንዶን ተሾሙ። በዚያ ዘመን የሌጋሲዮን አለቃ ሚኒስትር እንጂ አምባሳደር አይባልም ነበር። የእንግሊዝን ቋንቋና ጠባይ ከእርሳቸው ይበልጥ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ይህ ዕውቀት ግን ምን ጠቀመ? በሐምሌ ወር 1927 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት ለኢጣሊያም ለኢትዮጵያም የጦር መሣሪያ እንዳይሸጥ አገደ። ነገሩ ለጆሮ የእኩልነት ፍርድ ይመስላል። ሆኖም አንደኛዋ የመድፍና የአውሮፕላን ፋብሪካ ያላት፥ ሁለተኛዋ የሌላት ነበረች። የዲፕሎማሲ ጥበብ እንዲህ ያለውን በደል በትሕትና ቃል መሸፈን ሆኖ ሲገኝ፥ መልእክተኛውም በትሕትና እጅ ነሥቶ መውጣት ግዴታው ነው።

የእንግሊዝ ሕዝብ ግን ለኢትዮጵያ አደላ። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የእንግሊዙ ሆርና የፈረንሳዩ ላቫል ከኢትዮጵያ ብዙ አገር ቈርሰው ለኢጣሊያ ለመስጠት መዶለታቸው ሲገለጥ፥ የሕዝቡ ቍጣ ሆርን ከሥልጣኑ አስለቀቀው። ሚኒስትሩ ተለወጠ፤ ለኢትዮጵያ የሚሆን መሣሪያ ግን አልመጣም።

ከሁሉ የከፋው የኋላው ነው። በእንግሊዝ አገር ተምረው ከጥቁር አንበሳ ጦር ጋር የዘመቱት ልጆቻቸው፥ ቤንጃሚንና ዮሴፍ፥ በ1929 ዓ.ም. በኢጣሊያኖች ተገደሉ። አባትየው በሎንዶን ስለ አገራቸው መሟገታቸውን አልተዉም ነበር። በኅዳር 1931 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዝ መንግሥት የኢጣሊያን ግዛት አጸደቀ።

ከነጻነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው፥ በ1945 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዐረፉ።